ቆጮ ሻጯ ከነአንገቷ

ሰው ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያንን ሥዕል ከጤና ጣቢያ አምጥቼው እንደሆነ ነው። አይፈረድባቸውም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ደግሞ አንገቷ ላይ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል እንቅርት አለባት። ነርስ ቤት የተሰቀለ የእንቅርት ሥዕል ፖስተር ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? አንዳንዱ ጠጋ ብሎ ከሥሩ የተጻፈ ምክር ይፈልጋል፤ «አዮዲን ያለው ጨው ይጠቀሙ» የሚል ነገር። ፈልጎ ሲያጣ ወደ እኔ ይዞርና «ታዲያ ለምን ሰቀልሽው?» ይለኛል። ድሮ ድሮ ተቀምጬ አስረዳ ነበር። አሁን «አዎ፣ ከጤና ጣቢያ ነው» ብዬ ሻይ አቀርባለሁ። ሰውን ስለ ሥዕል ማስረዳት ከክትባት ዘመቻ ይበልጥ ያደክማል።

ገዝቼው ነው እንጂ ከየትም አላመጣሁትም። ይህን ስናገር ሰው ከምን እንደሚቆጥረኝ አውቃለሁ። አምቦ ውስጥ በደሞዟ ሥዕል የገዛች ሌላ ነርስ ካለች እኔ አላገኘኋትም። የእኛ ሰው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው የታወቀ ነው፤ የምረቃ ፎቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር፣ ጥቅስ፣ ቢበዛ ከውጭ የመጣ ፏፏቴ ያለበት ፖስተር። አልፈርድም፣ እኔም የምረቃ ፎቶዬን ለጥፌ ኖሬአለሁ።

ያኔ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ፣ የጨው አስተማሪ ነበርኩ። ጧት ጧት ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ሰብስቤ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ስለ አዮዲን አወራለሁ። በእጄ የምይዘው ፖስተር ላይ አራት አንገቶች አሉ። ፊት የላቸውም፤ ከአገጭ በላይ ተቆርጠዋል። ከአዳማጮቼ መሐል እንቅርት ያለባት የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ አንገት ማየት አያስፈልገኝም ነበር፤ ፖስተሩን ስዘረጋ ነጠላዋን ወደ ላይ የምትስበው እሷ ናት። አንዳንዷም ተራዋን ትታ ተነሥታ ትሄዳለች። ሰውን ይጠቅማል ብዬ የማወራው ወሬ ራሷን ባለጉዳይዋን ከወንበሯ ሲያስነሣ ማየት ደስ አይልም። ጊዜውም ክፉ ነበር። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፤ መንገድ ሲዘጋ ጨው ራሱ ከሱቅ ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ በሌለ ጨው ላይ ትምህርት እሰጣለሁ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ቀድሞ እንደማንም ሰው እወረውረው ነበር። ያንን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን አለቃዬ የክትባት ቀን የሚጻፍበት ሰሌዳ አሠርተሽ ነይ ብሎ ላከኝ። ከገበያው በር አጠገብ አንድ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበር። በከተማው ሥጋ ቤቶች ግድግዳ ላይ የቆመው በሬ ሁሉ የእሱ ነው፤ የአይሱዙ ጭቃ መከላከያ ላይ ያለው አንበሳም፣ የፀጉር ቤቷ ቆንጆም። ባነር የሚያትመው ማሽን ገና እንጀራውን ጨርሶ አልወሰደበትም። ሱቁ ጠባብ ነው፣ የቀለም ሽታው ራስ ያዞራል። ሰሌዳውን ስንነጋገር ዓይኔ ከበሩ ጀርባ ወደተደገፈ ነገር ሄደ።

ሴትዮዋ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አለ፤ በቀኝ እጇ ቢላዋ ይዛለች። ፀሐይ ነው። ነጠላዋ ከአንገቷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል። ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ለአንድ ሰው መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈት አድርጋለች፤ መልሱም የሚያስቅ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። እንቅርቷ እንደ ጉንጯ፣ እንደ እጇ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ሙያ ክፉ ነው፤ እኔ አንገት ሳይ ሳላስበው ደረጃ እሰጣለሁ፣ ይህ አንድ ነው፣ ይህ ሁለት ነው እላለሁ። ይህችን ሴት ሳያት ግን መጀመሪያ የመጣብኝ «ምን ልትመልስለት ይሆን?» የሚል ሐሳብ ነበር። ደረጃውን ያሰብኩት ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

«ይሸጣል?» አልኩት።

«ምኑ?»

ሥዕሉን አሳየሁት። ሣቀ። ሥራ ሲጠፋ፣ በገበያ ቀን በገበያ ቀን በሩ ላይ ተቀምጦ ለራሱ የሠራው ነገር ነው። ሴትዮዋም ቆጮዋን ዘርግታ የምትውለው እዚያው በሩ ፊት ነበር። ዋጋ ሲባል ግራ ገባው። እሱ የሚያስከፍለው በካሬ ነው፤ ሰሌዳም ይሁን ግድግዳ በሜትር ለክቶ። እንደልማዱ ሜትሩን መዘዘና ሥዕሉን ለካው፤ ከዚያ ምን እያደረግሁ ነው እንዳለ ሰው ሜትሩን ኪሱ ከተተና «የቀለሙን ስጪኝና ውሰጂው» አለኝ። የሰጠሁት ከቀለሙ ይበልጣል፤ የዚያ ወር የቤት ኪራይ ዘገየብኝ። ስምህን ጻፍበት ስለው ደግሞ ሰሌዳ ላይ እንደሚያደርገው ከታች ጥጉ ላይ ስልክ ቁጥሩን ጻፈበት። እስካሁን አለ። ስልኩ ከተቋረጠ ቆይቷል።

ወሬው መሥሪያ ቤት ደረሰ። ፋርማሲስቱ «በዚህ ብር እኮ በግ ትገዢ ነበር» አለኝ። በግ ይበላል ማለቱ ነው። ገዝቼው ቢሆን በማግስቱ አጥንቱን የጎረቤት ውሻ ይዞት ይዞር ነበር፤ ይህ መልስ የመጣልኝ ግን ከሰዓታት በኋላ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው።

ሥዕል መግዛትስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማኖሩ ነው፣ በተለይ የራሱ ግድግዳ ለሌለው ሰው። የእኛ አገር አከራይ ቁልፍ ሲሰጥ አብሮ የሚሰጠው ሕግ አለ፤ ውሃ በተራ፣ እንግዳ በልክ፣ ሚስማር ክልክል። ቤቱ ጭቃ ነው፣ ሚስማር ሲመታ ልስኑ ይረግፋል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይረግፋል። ስለዚህ ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ዓመት ከአልጋዬ ራስጌ መሬት ላይ ቆማ አሳለፈች። ዝውውር ደርሶኝ ጊንጪ ስሄድ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዣት ሄድኩ። ረዳቱ «መስታወት ነው?» ሲለኝ አዎ አልኩት። ሥዕል ብለው ኖሮ ጣሪያ ላይ ከጆንያ ጋር ይጭናት ነበር።

ጊንጪ ያገኘኋት አከራይ ደግሞ ሥዕል ነው ስላት ከነብርድ ልብሱ ተሳለመችው። «የማርያም ናት ወይስ የሚካኤል?» አለችኝ በትሕትና። ገልጬ ሳሳያት አማትባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለሳምንት ያህል በደንብ አላናገረችኝም። ቀጥሎ ጌዶ የተከራየሁባቸው ሰዎች ጴንጤዎች ነበሩ። አባወራው ቁጭ ብሎ ካየው በኋላ «ሲስተር፣ ወደዚህ ነገር አትጸልዪም አይደል?» አለኝ። ቆጮ ሻጭ ናት ብዬ ማልኩለት። እኔ የማንም ሃይማኖት ላይ ክፉ ሐሳብ የለኝም፤ አንዲት ቆጮ የምትሸጥ ሴት ቤት ውስጥ ስትገባ ወይ ቅድስት ወይ ጣዖት ወይ ፖስተር መሆን ያለባት ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ዝውውር ሰውን ከዕቃው ያፋታል። የሸጥኩት አለ፣ የሰጠሁት አለ፣ ጌዶ ጎረቤት አስቀምጬው በዚያው የቀረ ቁም ሣጥን አለ። ሥዕሉንም የሚገዛኝ ባገኝ ብገላገለው ያልኩበት ቀን ነበር፤ አልዋሽም። ገዥ ሲመጣ ደግሞ አስቸገርኩ። በአዲስ ዓለም በኩል ሆቴል የሚከፍት አንድ ሰው ለእንግዳ መቀበያው ባህላዊ ነገር ሲፈልግ ሰው ጠቁሞት መጣ። ሥዕሉን ወደደው። «አንገቷ ግን እንግዳ ያስደነግጣል፣ እዚህ ጋ ዝቅ ቢደረግ» አለ በጣቱ እያሳየ። አይሸጥም አልኩት። ከክብር የመነጨ ነገር አልነበረም፤ ጣቱ ነው ያናደደኝ።

እዚያው ጌዶ እያለሁ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብርድ ይሁን ወባ ያልለየለት ሕመም አስተኝቶኝ ነበር። ከአልጋዬ ሆኜ ሳያት ሥዕሉ ዳር ላይ የጫማ ጫፍ አየሁ። የወንድ ጫማ ነው፣ ቀለም ነጥቦበታል። ያን ያህል ጊዜ አብሬያት ስኖር አላየሁትም። ሴትዮዋ የምትመልስለት ሰው እዚያው አጠገቧ ቆሟል ማለት ነው። ፖስተር የሚለውን አንዴ ብሎ ይጨርሳል። የሰው እጅ የሠራውን፣ ሁለተኛ የሌለውን ነገር ቤት ማስገባት ትርፉ ምንድን ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ የማውቀው መልስ ይህን ያህል ነው፤ ከዓመታት በኋላ ታምመሽ ስትተኚ ገና ያላየሽው ነገር ይኖረዋል። ከዚህ የበለጠ መልስ የሚያሻው ሌላ ሰው ይጠይቅ፣ እኔ ደክሞኛል።

ወደ አምቦ ስመለስ ያገኘሁት ቤት ብሎኬት ነው። አከራዬ ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ሚስማር ፈቀደችልኝ፤ የምረቃ ፎቶዬ ሣጥን ገባ፣ ቆጮ ሻጯ ወጣች።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከሥራ ገብቼ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የቢሮ ልብስ የለበሰች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ጃንጥላዋን እያራገፈች ቆማለች። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። እናቷ ካረፉ ወራት ሆኗቸዋል። ገበያው በር ላይ ያለው ሠዓሊ በአንድ ወቅት እናቷን ሥሏቸው እንደነበር ከለቀስተኛ ሰማች። ሠዓሊውን ፈልጋ አገኘችው፤ እሱ ደግሞ ሲስተር ገዝታዋለች ብሎ ወደ እኔ ላካት።

«ሀርሜ ናት፣ እናቴ» አለችኝ ገና ከበሩ ሳታልፍ። «ደህና ፎቶ የለንም፣ ሲስተር።»

ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ትልቅ ፎቶ አወጣች። እናትየው በሕይወታቸው የተነሡት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው፤ ነጠላቸው እስከ አገጫቸው ተጠምጥሟል፣ ማኅተሙ ደግሞ ግማሽ አገጫቸውን ይዞታል። ፎቶ ቤቱ ሲያጎላው ማኅተሙም አብሮ ጎላ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው «እናሳምረው» አሉና ፊታቸውን ቆርጠው በሌላ ሴት አካል ላይ አኖሩት፤ ጥልፍ ቀሚስ፣ የወርቅ ሐብል፣ ከኋላ አበባና ፏፏቴ። እዚህ አገር ሟች የሚከበረው እንዲህ ነው። ኮት ለብሶ የማያውቅ ገበሬ ከሞተ በኋላ ከነከረባቱ ግድግዳ ላይ ይወጣል። የፎቶው አንገት ረዥምና ለስላሳ ነው፣ የማን እንደሆነ ፎቶ ቤቱም አያውቅም።

«ለቅሶ የመጣው ሁሉ ይህች ማን ናት ይለኛል» አለች። «የገዛ አክስቴ ጠየቀችኝ።»

ዞር አልኩላትና ግድግዳውን አየች። መጀመሪያ ፊቷ ላይ የመጣው ደስታ ነው፣ እመሰክራለሁ። እጇን ዘርግታ «ኤዬ፣ ኤዬ፣ እሷ ናት» አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደና እጇን ሰበሰበች።

«እንዲህ አድርጎ ነው እንዴ የሣላት?»

«እንዲህ አድርጎ ነው።»

«ይሄን...» አለችና በራሷ አንገት ላይ በእጇ አሳየችኝ፣ ስሙን አልጠራችም። «ይሄን ሰው እያየው ነው የኖረው?»

ምን ልበላት? አይቶታል፤ ግን ከጤና ጣቢያ የመጣ መስሎት ነው ልበላት? ወንበር ሰጠኋትና ተቀመጠች። የምትለውን አስባበት የመጣች ይመስል ነበር፣ አሁን ግን ሌላ ቃል እየፈለገች ነው። ዋጋውን ይንገሩኝ እከፍላለሁ አለች። እንዲህ ሆኖ ግን ቤቷ ልትሰቅለው አትችልም። ነጠላ ይሣልባት፣ እስከ አገጯ። ሠዓሊው ነገሩን ገና ሲጠቁማት «ያሻሽ ነገር ካለ ሲስተር ከፈቀደች አስተካክለዋለሁ» ብሏታል።

«የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ።

ንብረት ማለት ይህ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት፤ በሰው እናት አንገት ላይ እሺም እምቢም የማለት ሥልጣን። እሺ ካልኩ ሳትሸፍን ፀሐይ ላይ የተቀመጠችው ሴት በአንድ ከሰዓት ትጠፋለች፣ ሌላ ቦታ የለችም። እምቢ ካልኩ ይህች ልጅ የእናቷን ፊት ሳትይዝ ወደ ፏፏቴው ፎቶ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስወስን ውዬ፣ ለዚህኛው ጉልበት አልነበረኝም። ላስብበት፣ በሳምንቱ ነይ አልኳት። ስትወጣ ሥዕሉን ዳግመኛ አላየችውም።

በማግስቱ ሠዓሊው ጋ ሄድኩ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጓል። አሁን ራሱ ብዙም አይሥልም፤ የባነር ትእዛዝ ተቀብሎ ለማተሚያ ቤት ያስተላልፋል፣ ከመሐል ትንሽ ነገር ይደርሰዋል።

«ለምንድን ነው እኔ ላይ የጣልከው?» አልኩት።

«ያንቺ ነዋ። ባለሥጋ ቤቱ በሬውን ላም አድርግልኝ ቢለኝ ጡት እጨምርበታለሁ። ነጠላ ምን አላት? የግማሽ ቀን ሥራ ናት።»

«አንተ ራስህስ ምን ትላለህ?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«ስሥላት እኔም ፈርቼ ጠይቄያት ነበር» አለ። «አዴ፣ አንገትሽን ልተወው ወይ? አልኳት። "አንገቴን ትተህ ጭንቅላቴን በምን ላይ ልታስቀምጠው ነው?" አለችኝ። ገበያተኛው ሁሉ ሣቀ። እሷም ሣቀች። ከዚያ በኋላ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ጭራሽ አትስበውም ነበር፣ እኔ ደጅ።»

«ያ ጫማ ያንተ ነው እንግዲያ?»

«የማን ይሆናል?»

ያቺ ሴት ምን ልትመልስ እንደነበረ ለማወቅ ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀብኝ። ይህን ሰምቼ ነጠላ ሣልባት ብዬ እንዴት አዛለሁ? እሱ ግን አልገፋኝም። «እንደፈለግሽ አድርጊ፣ ሲስተር፣ እኔ የሁለታችሁንም እሺ ነው የምለው» ብሎ ወደ ባነሩ ተመለሰ። ተናደድኩበት። አንድ ሰው እንኳ እኔን ወክሎ ቢቆጣ ምን ነበረበት?

ልጅቷ በቀጠሮዋ መጣች። ቁርጤን ነገርኳት። «ገንዘብ አልፈልግም። ሳይነካ እንዳለ ውሰጂው፣ ቤትሽ ሰቅለሽ ተቀመጪ። እስከ ገና አይተሽው አሁንም ነጠላ ያሻታል ካልሽ፣ እኔው ራሴ ተሸክሜ ሠዓሊው ጋ እወስደዋለሁ። እናትሽ ናት።» የሰማሁትን ቀልድም ነገርኳት። ትሥቃለች ብዬ ነበር፣ አልሣቀችም።

«እንዲህ ብላ ትቀልድ ነበር?» አለችኝ። «ከሱ ጋር?»

«ገበያው ሁሉ እየሰማ።»

«ከእኔ ጋር ስለ አንገቷ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም።»

በዚያው ብርድ ልብስ ጠቀለልንላት፣ በባጃጅ ይዛት ሄደች። ግድግዳዬ ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ቀለለኝ፤ አንድ የሚጠረግ ነገር ተቀነሰልኝ ብዬ። ቀናት ሲያልፉ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። የሚገርመው እንግዶቼ ናቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ሰቀልሽው ሲሉኝ የነበሩት አሁን ገና ሳይቀመጡ «ፖስተርሽ የት ሄደ?» ይሉኝ ጀመር። አከራዬ ሳትቀር ገብታ ግድግዳውን አይታ «ሴትዮዋ የለችም እንዴ?» አለችኝ፤ ፖስተሩ አላለችም። ናፈቀችኝ። ሰው የማያውቃትን ቆጮ ሻጭ እንዲህ ይናፍቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለማን ይነገራል?

ሽርክናም አሰብኩ፤ ክረምት እሷ ጋ፣ በጋ እኔ ጋ፣ እርሻ እንደሚካፈሉ ሰዎች። እንደዚያ ማሰብ ስጀምር ጨርሼ ማርጀቴን አወቅሁት። ነጠላው ቢሣልባትስ? እንዳለ ቢቀመጥስ? እያልኩ ሥራ ላይ ሳለሁ አሰላስላለሁ። ለራሴ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ልጅቷ ነጠላ ካለች ነጠላ ነው። ሰው የእናቱን ፊት ከባዕድ ለምኖ እንዲህ አድርገሽ ያዢው መባል የለበትም።

የገና በዓል ሳይደርስ፣ ገበያ የዋለበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ሥዕሉን በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ይዛ ገባች። ወስናለች ማለት ነው አልኩ በሆዴ፤ ልብሴን ልቀይርና ሠዓሊው ሳይዘጋ እንድረስ አልኳት። እሷ ግን ብርድ ልብሱን ፈታችው። የተነካ ነገር የለም፤ ሴትዮዋ ከነአንገቷ፣ ከነቢላዋዋ አለች። ልጅቷ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሥዕሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«ሰቀልኳት» አለች። «ሰው ሲመጣ በራሷ ነጠላ እሸፍናታለሁ። እንግዳው ሲሄድ አነሣዋለሁ። እየቆየ ሲሄድ ማንሣቱን ተውኩት።»

ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ይህን ነው። አገራቸው ወደ ወንጪ በኩል ነው። አምቦ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር፣ እናቷ በገበያ ቀን ቆጮ ሲያመጡ የእሷንም ስንቅ ይዘው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ልጆች አዩና ሣቁ። ስንቁን ስትቀበል «ከእንግዲህ ስትመጪ ሸፍነሽ ነይ» አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እናትየውም ነጠላቸውን ሳብ አደረጉና ወደ ገበያቸው ሄዱ።

«ከዚያ ቀን ወዲህ አንገቷን አይቼው አላውቅም» አለች። «ቤታችን ውስጥም፣ ስትተኛም። ገበያ ላይ እንደዚህ እንደምትቀመጥ የሰማሁት አሁን ከእርስዎ ነው። ሆስፒታል ትንፋሽ ሲያጥራት ነርሷ ነጠላውን ፍቺላት አለችኝ። እጄን ስሰድ ጨርቁን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። እኔ ስላለሁ ነው። ወጥቼ ቢሆን ትፈታው ነበር።»

እኔ ለስንት ሰው ፍቺላት፣ ፍታላት ብያለሁ፤ ለምን እንደማይፈታ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሰው ሁሉ የሚለውን አልኩ።

«ልጅ ነበርሽ።»

«ያኔ አዎ» አለች። «ባለፈው ወር ግን ልጅ አልነበርኩም።»

ተነሥታ ሥዕሉን ራሷ ሰቀለችው፤ ተጣምሞ እንደሆነ ወደ ኋላ ርቃ አየች፣ ተመልሳ አቃናችው። ብርድ ልብሱን አጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ለራስሽ አስቀሪው፣ እየቆየ ትለምጂዋለሽ ብዬ ልለምናት ጀምሬ ነበር። በእጇ አስቆመችኝ።

«እዚህ ትሁን፣ ሲስተር። እኔ እየመጣሁ አያታለሁ። እርስዎ ቤት አንገቷን አትሸፍንም። እኔ ቤት ሞታም ሸፈንኳት።»